እምቢታም ማህተም ይፈልጋል

የአሶሳ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ክብ ማህተም መጥፋቱ የታወቀው ሰኞ ጠዋት ነው። ሐምሌ ሃያ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረበት ጠዋት። አዛዡ ደውሎ «ምስጋና፣ ሂድና እየው» አለኝ። ሻዬን ጨርሼ ሄድኩ።

ሬሳ የለም፣ ደም የለም፣ የተሰበረ መስኮት እንኳ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ስኖር ላም የሰረቀ፣ ሞተር የሰረቀ፣ የሰው ሚስት የሰረቀ ይዣለሁ፤ ማህተም የሰረቀ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔን ግን አልደነቀኝም። እውነቱን ልናገርና ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የሚደንቀኝ ነገር የለም። በካማሺ መንገድ የሞቱ ሰዎችን ስመዘግብ የከረምኩበት አንድ ክረምት ነበር። ከዚያ በኋላ ውስጤ ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆነ፤ እረግጥበታለሁ፣ አይሰማኝም። ባለቤቴ ቤዚ «አንተ ቤት ስትገባ ሰው ሳይሆን ፋይል የገባ ይመስለኛል» ትለኛለች። አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው።

ኮንስታብል ብኸይታ ቀድማኝ ደርሳ ነበር። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ በርታኛውንም ዐረብኛውንም ስለምትችል እኔ ያመለጠኝን እሷ ትሰማለች። በረንዳው ላይ ሃያ የሚሆኑ ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «ማህተም የለም» ተብሎ ቢነገራቸውም አንድም ሰው አልተነሣም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ኢዘዲን ካዝናውን አሳየኝ። ቁልፉ አልተነካም፣ ማጠፊያው አልተፈለቀቀም። ውስጡ የቀለም ሳጥኑ አለ፣ ቲተሮቹ አሉ፣ አርማ ያለበት ወረቀት በእሽጉ አለ። የጎደለው ክብ ማህተሙ ብቻ ነው። የካዝናው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሱ እጅ፣ ሌላው በሰነድ አረጋጋጯ በወይዘሮ ሸዋሉል አንገት ላይ። እሱ ከዓርብ ቀትር ጀምሮ እስከ እሑድ ማታ ባምባሲ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አብረውት በአንድ መኪና የሄዱትን ስድስት ሰዎች ስም ሳልጠይቀው ቆጠረልኝ።

ወይዘሮ ሸዋሉል ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። በዚህ ወንበር ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ቁልፉን ከማተቧ ጋር አስራው ነበርና አውጥታ አሳየችኝ። ዓርብ በዐሥራ አንድ ሰዓት ቆልፋ እንደወጣች፣ ቅዳሜና እሑድ ከቤቷ እንዳልራቀች፣ ዛሬ ስትከፍት እንዳጣችው በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሰው የሐሰት ነገር ሲነግረኝ ብዙ ጊዜ ያስረዝመዋል። እሷ አላስረዘመችም፤ እኔም አለፍኳት።

ግቢውን ፈተሽን። ጣሪያውን፣ ጉድጓዱን፣ የማንጎ ዛፎቹን ሥር፣ የሠራተኛውን ቦርሳ ሁሉ አየን። የመዝገብ ቤቱን በር ከፍቼ እስከ ጣሪያ የተቆለለውን ፋይል አየሁና መልሼ ዘጋሁት።

ብኸይታ የቀለም ሳጥኑን ይዛ ቆማ ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ሌባው ይህን ለምን ተወ? ማህተም ያለ ቀለም ምን ይሠራል?»

ቀለም የትም ይገዛል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተቀበለችኝም።

ጥበቃው ባቢከር የተባለ፣ አማርኛ እየሰባበረ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ማንም ግቢውን እንዳልረገጠ ማለለኝ። ማንም? አልኩት።

«እማማ አስረሳሽ ብቻ ነበረ» አለ። «ቅዳሜ መጣ፣ እሑድ መጣ። እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቢሮ ዝግ ነው ብዬ ነገረ፤ አልሰማም። ሌላ ሰው እኔ አላየም።»

እማማ አስረሳሽ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ።

እማማ አስረሳሽ በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጡ ወሎዬ ናቸው፤ አርባ ዓመት አሶሳ ኖረው አነጋገራቸው ዛሬም ከዚያው ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ስለ ማህተሙ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ።

«እሰይ! እኔ ነኝ እንዳልልህ ልጄ፣ ቁመቴም አይደርስ። የወሰደውን ግን እግዜር ይስጠው።»

ነገራቸው ይህ ነው። ትንሹ ልጃቸው ምንያህል በካማሺና በአሶሳ መካከል እየነገደ ከተማው ውስጥ ቤት ሠራ፤ ካርታውም በስሙ ነው። እናቱን ከሰፈራው መንደር አምጥቶ አስገባቸው። እሱ በየመንገዱ ስለሚውል ጉዳዩን እንዲያስፈጽምለት ለታላቅ ወንድሙ ለደባልቄ ሙሉ ውክልና ሰጠው፤ መሸጥ መለወጥን ጨምሮ። ከዚያ የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ላይ እንደወጣ ቀረ። ሱዳን ገብቷል ተባለ፤ ድንበሩ ላይ፣ ኩርሙክ አይተነዋል ያሉም ነበሩ። አሁን ደባልቄ በዚያ ውክልና ቤቱን ሊሸጠው ነው። የሚፈራረሙበት ቀጠሮ ደግሞ ዛሬ፣ ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ቢሮው እንደሚዘጋ አያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አውቃለሁ። ካልተቀመጥኩ እኔ ሳላይ ይፈርሙብኛል ብዬ ነው።» ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ገንዘቡን አልፈልግም። ቤቱ ይቁምልኝ። ልጄ የመጣ እንደሆነ ማን ይከፍትለታል? እኔ እንኳ በሩን ቆልፌው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ገርበብ ነው የሚያድረው። ምንያህል ማንኳኳት አይወድም።»

ሕጉንም ነገርኳቸው፤ ካርታው በስማቸው ስላልሆነ ሽያጩን ሊቃወሙ አይችሉም። ሰሙኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ከወንበሩ ግን አልተነሡም።

አቶ ኢዘዲን ወደ ቢሮው ጠርቶ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝ። ሐሙስ ዕለት ለወይዘሮ ሸዋሉል የጻፈው ነው። ቤቱን የሚገዛው ነጋዴ ዓብዱልላጢፍ አቤቱታ አቅርቦባት ነበርና መልሱ መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ሰነድ አረጋጋጭ ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውጪ ውል አላረጋግጥም ማለት አይችልም። ጥርጣሬ ከእነዚያ ምክንያቶች አንዱ አይደለም። አላረጋግጥም የሚሉ ከሆነ ምክንያቱን ጠቅሰው፣ በማህተም በተደገፈ ጽሑፍ ለተገልጋዩ ይስጡ። ካልሆነ ግን ሰኞ ሐምሌ ሃያ ያረጋግጡ።»

እሷ ሦስት ጊዜ መልሳቸዋለች። መጀመሪያ ፎቶው ጆሮ አያሳይም ብላ፣ ቀጥሎ የግብር ክሊራንሱ ቀኑ ሊያልፍ ነው ብላ፣ በመጨረሻ የገዢው መታወቂያ ጠርዙ ተቀዷል ብላ። ሁሉንም አሟልተው መጡ። ሌላ ምክንያት አልቀራትም።

ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነ ብዬ አሰብኩ። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው አራተኛውን አይጠብቅም፤ ማህተሙን ወስዶ ውሉን ራሱ ይመታዋል። ስለዚህ የምጠረጥረው ገዢውንና ሻጩን ነው።

ዓብዱልላጢፍ ከገበያው ፊት ለፊት ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ መደብር አለው። እኔንና ብኸይታን አስቀመጠን፣ ለስላሳ አስመጣልን፣ ካርታውን በዓይኑ አይቶ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ ወር ሙሉ እንደተንከራተተ በትሕትና ነገረኝ። ክፉ ሰው አልመሰለኝም።

«ኢንስፔክተር፣ ሴትዮዋ እምቢ ትበለኝ» አለ። «በጽሑፍ እምቢ ትበለኝና ፍርድ ቤት ልሂድ። እሷ ግን እሺም አትል፣ እምቢም አትል። መሐል ላይ አንጠልጥላኝ ቀረች።»

ቅዳሜና እሑድ የት እንደዋለ ስጠይቀው መንጌ የእኅቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ አለኝ። ምስክር አለህ ወይ ልለው ስል ብኸይታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔም ነበርኩ» አለች በሐፍረት። «ሙሽሪት አብሮ አደጌ ናት። ሁለቱን ቀን ሙሉ ዳሱ ውስጥ ነበር፤ እንዲያውም እሱ ነው ሰው ሲያስተናግድ የነበረው።»

ለስላሳውን ጠጥተን ወጣን።

ደባልቄን ያገኘነው መጋዘኑ ደጃፍ ነው። ከባምባሲ እህል እያመጣ አሶሳ ያከፋፍላል፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የደከመ። ፊቱን የት እንደማውቀው ለጊዜው አልመጣልኝም። ስለ ማህተሙ ሰምቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ እሱ ግን «ጊዜ አለ፣ ይደርሳል» አለኝ።

ቅዳሜ የት እንደነበር ጠየቅኩት።

«ባምባሲ። በቆሎ ሳስጭን ነው የዋልኩት።»

እሑድስ? እዚያው። እናቱ በረንዳው ላይ ውለው እንደሚገቡ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሷን አታንሡብኝ» አለ። መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ጆንያ መቁጠር ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወይዘሮ ሸዋሉል ተመለስኩ። ሰዎቹን ለምን እንዳንገላታቻቸው ጠየቅኳት። መዝገቡን ከፍታ አንድ ቅጽ አወጣች። በውክልና የሚሸጥ ሁሉ «ወካዬ በሕይወት አሉ፣ ውክልናውም አልተሻረም» የሚለው መስመር ላይ ይፈርማል። ደባልቄ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ቅጽ ፈርሟል።

«ሌላውን ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ይጽፋል» አለች። «እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ አልጻፈልኝም ይላል። ሌላ ስጪኝ ይላል። እስክሪብቶውን ተቀብዬ እሞክረዋለሁ፤ ይጽፋል። ሦስቱንም ጊዜ እንዲያ ነው ያደረገው።»

ይህን ለአለቃዎ ለምን አልነገሩም አልኳት።

«ነገርኩት። ከምክንያቶቹ ውስጥ እስክሪብቶ የለም አለኝ። ትክክል ነው፣ የለም። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ የሞት ማስረጃ ካልመጣልኝ ወይም እግድ ካልደረሰኝ ሰውየው ሕያው ነው። አረጋጋጭ በጥርጣሬዋ እምቢ ማለት ከጀመረች ነገ ጉቦ ያልሰጣትን ሁሉ ትጠረጥራለች። ሕጉ ያሰረኝ ለዚህ ነው፤ ራሴም አውቀዋለሁ።» ቅጾቹን አንድ ላይ አጥፋ መለሰቻቸው። «ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ማክሰኞ ጠዋት ባምባሲ ወረድን። በቆሎ ሻጩ ስለ ደባልቄ ስጠይቀው ሳቀ። ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ በጣለው ዝናብ ጓሮው ጭቃ ሆኖ ቅዳሜ አንድም መኪና አልተጫነም። ደባልቄ አልመጣም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሐሰት ያዝኩበት። ወደ መኪናው ስንመለስ አንዲት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ጠራችን። የምንጠይቀው ደባልቄን ከሆነ ቅዳሜ በማለዳ ነጭ ለብሶ፣ እንጀራና ዳቦ በባጃጅ አስጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አይታዋለች።

«ሰው ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ለምን ይደብቃል?» አለች ብኸይታ። እሷ በሩ ላይ ቀረች፤ እኔ ገባሁ።

ቄሰ ገበዙ ከዝናቡ ተጠልለው ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ነበር። ደባልቄን በደንብ ያውቁታል። ቅዳሜ ከንጋቱ ጀምሮ እዚያው ነበር፣ ነዳያን ሲያበላ ውሎ አመሸ፣ እዚያው አድሮም እሑድ አስቀደሰ። አራት ካህናት ይመሰክሩለታል አሉኝ። ስለዚህ ማህተሙን አልሰረቀም። ይህን ያህል ጥሩ ምስክር ያለው ሰው ለምን ዋሸኝ?

ምን አመጣው አልኳቸው።

«ሙት ዓመት ነዋ» አሉ። «ሐምሌ ዐሥራ ስምንት። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ፣ አንድም ቀን አጉድሎበት አያውቅም። መገበሪያውን፣ ጧፉን፣ ዕጣኑን ይዞ ይመጣል፤ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ብለን እናስብለታለን። ለወንድሙ ነው። መቼም እንደሱ ያለ ወንድም ይስጥህ። አሶሳ ስንት ደብር እያለ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱ ብቻ ይገርመኛል።»

እኔን አልገረመኝም። አሶሳ ቢያስፈታው እናቱ በሁለተኛው ቀን ይሰሙ ነበር። ደባልቄ ሰው ሊያታልል ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱን፣ ገዢውን፣ እናቱን አታሏል። የወንድሙን ነፍስ ግን ያለ ፍትሐት ሊተዋት አልቻለም። እንደኛ ያለ አማኝ ምስጢሩ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ ዐሥራ ስምንት። ቀኑን አውቀዋለሁ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ ዐሥራ ስምንት፣ በካማሺ መንገድ አንድ አይሱዙ ድልድይ ስቶ ወንዝ ገባ። ሬሳዎቹ የወጡት በአምስተኛው ቀን ነው፤ ሰባት ነበሩ። የመዘገብኩት እኔ ነኝ። አሶሳ እንደተመለስን በቀጥታ ወደ መዝገብ ክፍል ገባሁና አቧራውን አራግፌ ገለጥኩት። ስድስቱ ስም አላቸው። ሰባተኛው «ማንነቱ ያልታወቀ ወንድ፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ» ይላል። የቀበረው ማዘጋጃ ቤት ነው። ከሥሩ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ «አቶ ደባልቄ አስከሬኑን አይተው ወንድሜ አይደለም ብለዋል»።

ፊርማው በሰማያዊ ጀምሮ በጥቁር ያልቃል።

ያኔ አስታወስኩት። ሰፊ ትከሻ፣ ዝናብ የበሰበሰ ጃኬት። ይህ አይጽፍም ብሎ መልሶልኝ ሌላ እስክሪብቶ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ሸዋሉል ሦስት ጊዜ ያየችውን እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አይቼ አልፌዋለሁ። አምሳ ጊዜ የምጽፈውን ቃል ጽፌ ገጹን ገለበጥኩ። መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ሐዘን እስኪመጣ ጠበቅኩት። አልመጣም።

ደባልቄን ጣቢያ አስጠራሁት። መዝገቡን ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አልካደም፤ ደክሞት ነበር መሰለኝ።

«በጫማው ነው ያወቅሁት» አለ። «እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

«ታዲያ ለምን አይደለም አልክ?»

«እናቴ ውጭ ቆማ ነበር። አብራኝ መጥታ አትገቢም ብያት ነው። ስወጣ እሱ ነው? አለችኝ። አፌ አይደለም አለ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ጭቃው ላይ ተደፍታ እግሬን ሳመችኝ።» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ተመልሼ ገብቼ አንተ የሰጠኸኝ ላይ ፈረምኩ።»

ቤቱን ለምን ትሸጣለህ አልኩት።

«ሦስት ዓመት በሩን ገርበብ አድርጋ ስትጠብቅ አየኋት። ቤቱ ከሄደ መጠበቋም ይሄዳል ብዬ ነው። እኔ ጋ ትገባለች።» መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ገንዘቡም አስፈልጎኛል። አልዋሽህም።»

ሁለቱም እውነት መሰሉኝ። ቃሉን ጻፈ፤ ወካዩ ምንያህል ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ቀን እንደሞተ፣ ይህንንም እያወቀ በሕይወት አለ ብሎ ሦስት ጊዜ እንደፈረመ። በአንድ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ጻፈው። ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ለመነኝ፤ ለእናቴ እኔ አልነግራትም፣ አንተም እንዳትነግራት ቃል ግባልኝ አለ። እኔም ያንን ቃል አልገባሁለትም።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋሉል ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሌባውን ከባምባሲ ስመለስ መንገድ ላይ አውቄዋለሁ። ብኸይታ በመጀመሪያው ሰዓት ተናግራዋለች፤ ማህተም ያለ ቀለም ምን ይሠራል? ሊመታበት የፈለገ ሰው አይደለም የወሰደው፤ እንዳይመታበት የፈለገ ሰው ነው። ቁልፍ ያለው፣ ካዝና የማይሰብር፣ ምክንያት ያለቀበት ሰው።

ይህን አልነገርኳትም። የደባልቄን ቃልና የመዝገቡን ቅጂ ጠረጴዛዋ ላይ አደረግኩ።

አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበችው።

«አሁን ምክንያት አለዎት» አልኳት። «ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት። ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። እምቢታዎን ይጻፉ።»

ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። ስድስት መስመር ነው የሆነው። ፈረመች፣ ቲተሩን አደረገች፣ የቀለም ሳጥኑን ከፈተች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። አየችኝ። እኔም አየኋት።

«እምቢታም ማህተም ይፈልጋል» አለች ቀስ ብላ።

«ይፈልጋል።»

ተነሥታ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባች። ከሦስተኛው መደርደሪያ የምንያህልን የውክልና ፋይል አወጣች። ማህተሙ በውክልናው ዋና ቅጂና በሽፋኑ መካከል በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ ዕለት በሩን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት ክፍል ነው።

ወደ ቤቷ ለምን እንዳልወሰደችው ጠየቅኳት።

«ከግቢው ከወጣ ሌባ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ» አለች። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው የፈለግኩት። እምቢ የምልበት ሥልጣን አልነበረኝም፤ ጊዜ ግን ልሰርቅ እችል ነበር።»

ማህተሙን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ መታችው፤ አጥርታ፣ ሳታዘነብል። ከዚያ ወደ እኔ ገፋችልኝ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ማህተም መትታ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም።

በልቤ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። «ማህተሙ በፋይል ውስጥ ተገኝቷል» ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንም። ሰው ይዘነጋል፣ ዕቃ ይጠፋል፣ ዕቃ ይገኛል። ሳልናገረው ገባት።

«እንዳለ ጻፉት» አለች። «የሚጻፈውን እየመረጥን ከጻፍን እኔም እርስዎም ከደባልቄ በምን እንለያለን? ምክንያቴን ብቻ አይርሱ።»

እንዳለ ጻፍኩት። እኔም መዝጋቢ ነኝ፤ የቀረበልኝን አልመዘግብም የምልበት አንቀጽ የለኝም። ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። ምክንያቷን ግን ከሁሉ በላይ ረጅም አድርጌ ጻፍኩላት።

እማማ አስረሳሽ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከቢሮው ስንወጣ ፊታችንን አይተው ተነሡ።

«ከለከላችሁት?»

«ከለከልነው እማማ» አልኩ። «ከእንግዲህ ያለ እርስዎ ፈቃድ ያንን ቤት የሚሸጠው የለም።»

እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አመሰገኑ። የወይዘሮ ሸዋሉልን ጉልበት ሊስሙ ዝቅ ሲሉ እሷ ቀድማ ያዘቻቸው። ባቢከር ከበሩ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ እማማ ወረቀቱን አዩት።

«እህሳ፣ ምን ይላል? ምን ምክንያት አገኛችሁለት?»

ለማለፍ ብዬ የሕግ ነገር ነው አልኳቸው። በፍርሃት ነው የተናገርኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሞት ያረዳሁ ሰው ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም።

«አንብቢልኝ እሙዬ» አሏት። «ማንበብ አላውቅም።»

ማንበብ ለማይችል ሰው ሰነድ ማንበብ የወይዘሮ ሸዋሉል ሥራ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነበበችው እንዲሁ ነው፤ ቆማ፣ ሳትፈጥን፣ ቃል ሳትዘል። ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር ጀመረች። ቁጥሩን አነበበች። ቀኑን አነበበች። የሻጭ ወኪልን ስም፣ የገዢን ስም፣ የቤቱን ቁጥር አነበበች።

«ወካዩ አቶ ምንያህል ከሦስት ዓመት በፊት ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ቀን በሞት የተለዩ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ውክልናው በዚሁ ቀን ያበቃ በመሆኑ፣ የቀረበውን የሽያጭ ውል የማናረጋግጥ መሆናችንን እንገልጻለን።»

እማማ አስረሳሽ ወረቀቱን ተቀብለው ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ደባልቄ ያውቅ ነበር?» አሉ።

ወይዘሮ ሸዋሉል ጣታቸውን በመሐረቧ ጠረገችላቸው። የሞተው ልጃቸው፣ የሸሸገውም ልጃቸው። የትኛውን ያልቅሱ?

ወደ ቤታቸው እኔና ብኸይታ በመኪና ወሰድናቸው። መንገዱን ሙሉ አላለቀሱም። እንደኔ የሆኑ መሰለኝ። ቤታቸው ከቀርከሃ አጥር ጀርባ ያለ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት ነው። በሩ እንዳሉት ገርበብ ብሎ ነበር፤ በስንጥቁ ግቢው ይታያል። ብኸይታ ደግፋ ልታስገባቸው ስትል እጇን በቀስታ አወረዱት።

ብቻቸውን ገቡ። ዞረው በሩን ገፉት። ሦስት ዓመት ስላልተነካ መቀርቀሪያው ዝጎ እምቢ አላቸው፤ አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ በሦስተኛው ገባ። ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማነው።

ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብኸይታ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። እኔ የመኪናውን በር ይዤ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። እግሬ ሲነዝረኝ ተሰማኝ፤ የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚያደርገው፣ እስኪያምም ድረስ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየወጡ በሩን ማንኳኳት ጀመሩ።